ሦስት ምስክር ሳይቆም የማይፈርሙት ሐኪም

እንደ ማንኛውም ማለዳ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከአልጋቸው ይነሳሉ። ግራጫውን የሱፍ ካፖርት ከፒጃማቸው በላይ ደርበው፣ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በወጥ ቤቱ በር ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ከውኃ ታንከሩ ጎን፣ የጠዋት ፀሐይ በማትደርስበት ግድግዳ ላይ፣ በሚስማር የተንጠለጠለ ቴርሞሜትር አለ። ትንፋሻቸው እንዳያሞቀው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ያነቡታል። ተመልሰው ገብተው በመስኮቱ ደፍ ላይ በሚቀመጠው ደብተር ቀኑንና ቁጥሩን ይጽፋሉ። ከዚያ ሻይ ወደምታፈላው ባለቤታቸው ዞር ይሉና፣ “አስተማሪዋ፣ ዛሬ አራት ነው፤ ሹራብሽን እንዳትረሺ” ይሏታል። ይህ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሳይጓደል የተደረገ ነው። የሰውን ታሪክ ከዚህ መጀመር የተለመደ አይደለም፤ የእሳቸው ግን ከዚህ ቢጀመር ይሻላል።

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ “አባ ብርዱ” በመባል ይታወቁ የነበሩት ሐኪም ጥቅምት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በቄራ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ጠባቂ ነበሩ፤ እናታቸው ልብስ ሰፊ። አባትየው ቀኑን ሙሉ በረዶ ቤት ውለው ሲወጡ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እንኳ ካፖርታቸውን አያወልቁም ነበርና የሰፈሩ ልጆች “ክረምት መጣ፣ ክረምት መጣ” እያሉ ይከተሏቸው ነበር። ልጃቸው የብርድን ነገር ያጠኑት ከዚህ ተነስተው ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እሳቸው ሲጠየቁ አዎም አይደለምም አላሉም። የሬሳ ምርመራን ለምን እንደመረጡ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሰጡት መልስ፣ “የሕያዋኑ ክፍል ሞልቶ ነበር” የሚል ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመስኮት ተጣልተው ነው። እሳቸው ይከፍቱታል፣ የጂኦግራፊ ተማሪ የነበረችው ባለቤታቸው ትዘጋዋለች። በሦስተኛው ቀን፣ “መስኮቱን ተወው፣ በብርድ ልሞት ነው” ብትላቸው፣ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ “ለመሞት ገና ብዙ ዲግሪ ይቀርሻል” አሏት። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1979 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። መስኮቱን በተመለከተ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ሕክምናን ጨርሰው ለሁለት ዓመት ወደ ውጭ አገር ተልከው የሬሳን ደምና ፈሳሽ የመመርመር ሙያ ተምረው ተመለሱ። በአስከሬን ምርመራ ተቋሙ ውስጥ የተሰጣቸው ክፍል ከደረጃው በታች ያለ፣ ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነበረው። ከዚያ ክፍል ሳይወጡ ሃያ አራት ዓመት ሠሩ። የተሻለ ክፍል ሲሰጣቸው፣ “እዚህ ያለው ብርድ ለናሙናው ይስማማዋል” ብለው መለሱት።

ሥራቸው ምን እንደነበር ለማያውቅ በአጭሩ ይህ ነው። ብርድ ሰውን ሲገድል እንደ ቢላዋ ቁስል፣ እንደ መርዝም ሽታ አይተውም። ሬሳው ተኝቶ የሚነቃ ይመስላል። ስለዚህ የሚያውቁት ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ አውጥተው ከጣሉ በኋላ፣ ሦስት ነገር ጠይቀው ነው። ሰውነት ለመሞቅ ሲንቀጠቀጥ ስኳሩን ጨርሶ ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ የዚያ እሳት አመድ ኬቶን ይባላል፣ በደም ውስጥ ይገኛል። ሰውነት በጭንቅ ጊዜ የሚረጨው አድሬናሊን ወደ ሽንት ይወርዳል። በጨጓራው ግድግዳ ላይ ደግሞ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ያሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ደም፣ ሽንት፣ ጨጓራ። እነዚህን “ሦስቱ ምስክሮች” ይሏቸው ነበር። ኬቶን በተራበ ሰውም፣ በስኳር ሕመምተኛም፣ በጠጪም ደም ውስጥ ስላለ ብቻውን ሲመጣ አያምኑትም። ተማሪዎቻቸውንም “አንድ ምስክር ሐሜተኛ ነው፤ ሦስት ሲሆን ነው ዳኛ ፊት የሚቀርበው” ይሏቸው ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የሆነው ነገር ስማቸውን አስጠራ። የአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛ ሚስት ከእናቷ ቤት ስትመለስ በጉም መንገድ ስታ ሜዳ ላይ ሞታ ተገኘች። ጫማዋ አንድ ቦታ፣ ቀሚሷ ሌላ ቦታ ተጥሎ ነበር። ፖሊስ ባልየውን ያዘ። ጎረቤቱም አልራራለትም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሲጨቃጨቁ ሰምቷቸዋልና። አባ ብርዱ ግን ብርድ የጨረሰው ሰው መጨረሻው ላይ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ የነበረው ደም ወደ ቆዳው ስለሚመለስ በእሳት የተያዘ እንደሚመስለው፣ ልብሱንም አውልቆ እንደሚጥል ያውቁ ነበር። ሦስቱን ምስክሮች ጠየቁ፤ ሦስቱም ቆሙ። ዘበኛው በአርባ ሦስተኛው ቀን ተፈታ። ሊያመሰግናቸው ሲመጣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ቢል ክንዱን ያዙና፣ “እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ። የመሰከሩልህ ደሟና ሽንቷ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ጠቅማሃለች” አሉት። በኋላ የተቋሙ በር ላይ ዘበኝነት አስቀጠሩት። ዛሬም እዚያው ነው።

በዚያ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ብቻ ከንክኗቸው ቀረ። ፍርድ ቤቱ “የዚያን ቀን ብርዱ ስንት ነበር?” ብሎ ቢጠይቅ የተገኘው ቁጥር ከአውሮፕላን ማረፊያው የመጣ ነበር። “የአውሮፕላን ማረፊያው ብርድ የአውሮፕላን ማረፊያው ነው” እያሉ ለሳምንት ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። የጂኦግራፊ አስተማሪ የሆነችው ባለቤታቸው ከትምህርት ቤቷ አሮጌ የአየር መለኪያ ሣጥን የተረፈ ቴርሞሜትር አምጥታ ሰጠቻቸው። “ይኼ እኮ የልጆች መጫወቻ ነው” አሏት። በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላነበቡት ማለዳ የለም። መንገድ ሲሄዱ ባለቤታቸውን ወይም ልጃቸውን አደራ ይላሉ፤ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ደብተሩ ነው፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሥራቸው የነበራቸው ታማኝነት ሰውን ያስቀየመበትም ጊዜ ነበር። ይህ በሕይወት ታሪክ ላይ የሚጻፍ ባይሆንም ካልተጻፈ የሚቀጥለው ነገር ግልጽ አይሆንም። አንድ ጊዜ ሽማግሌ አባታቸው በረንዳ ላይ ሞተው የተገኙባቸው ልጆች “እባክዎ የልብ ሕመም ብለው ይጻፉልን፤ አባታቸውን ውጭ ረስተው አስገደሉ እንዳንባል” ብለው ለመኗቸው። ከሦስቱ ምስክሮች የቆመው አንድ ብቻ ነበር፤ ልቡም ይህን ያህል አልታመመም። “ምክንያቱ አልታወቀም” ብለው ጻፉ። ታላቁ ልጅ፣ “ዶክተር፣ ይኼ እንዴት መልስ ይሆናል?” ሲላቸው፣ “መልስ ነው። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ብነግርህ ነበር መልስ የማይሆነው” አሉት። ያን ዕለት ማታ ባለቤታቸው “ጨካኝ ነህ” ብላቸው ነበር። “አንድ ቃል ምን ይጎዳሃል?” አለቻቸው። እሳቸው ሾርባቸውን ጨርሰው፣ “እኔን አይጎዳኝም። ነገ ግን ልጁ እውነቱን ሲፈልግ የእኔን ውሸት ነው የሚያገኘው” አሏት። አልተግባቡም። ለሦስት ቀን ያህል በቤቱ ውስጥ የነበረው ንግግር የቴርሞሜትሩ ቁጥር ብቻ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ክፍላቸውን ተማሪያቸው የነበረችው ሐኪም ተረከበች። በ2012 ዓ.ም. መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው መልክ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ከዚያ ጡረታ መውጣታቸውን ረሱ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳቸውን ይዘው ተቋሙ በር ላይ ይቆማሉ። ዘበኛው “ይግቡ” ሳይላቸው፣ “አይገቡም” ሳይላቸው፣ “ዶክተር፣ ቁልፉ እስኪመጣ አረፍ ይበሉ” ብሎ በራሱ ወንበር ያስቀምጣቸውና ወደ ቤት ይደውላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጣሳዎቹ ላይ ሁሉ “ናሙና” እያሉ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። አንድ ቀን የስኳሩን ጣሳ ብድግ አድርገው፣ “ይህን ማን አስገባው? ፊርማ የለበትም” አሏት። ባለቤታቸው ፈረመችበት። ፊርማዋ እስከ ዛሬ ጣሳው ላይ አለ። የሚያስደንቀው ሌላ ነው፦ የልጃቸውን ስም በረሱበት ቀን እንኳ ቴርሞሜትሩን አንብበው በትክክል ጽፈዋል። ልጃቸው፣ “አባዬ እኔን ቢረሳኝ ግድ የለም፤ ዲግሪውን ካስታወሰ እኔም እዚያው አካባቢ እኖራለሁ” ብላ ትስቅ ነበር።

የሚያክሟቸው ሐኪሞች ብቻቸውን እንዳይወጡ በሮቹ ማታ ማታ እንዲቆለፉ አሳስበው ነበር። ቁልፉም ከሩዝ ጣሳው ውስጥ ይደበቅ ነበር። ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት ልጃቸው መጥታ ስትሄድ ባለቤታቸው በሮቹን ቆለፈች። ቁልፉን ግን የወጥ ቤቱ በር ላይ ረሳችው።

ረቡዕ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ስትነሳ ከጎኗ አልነበሩም። ጓሮ ወጥታ ከቴርሞሜትሩ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ካፖርታቸው አልተጣለም፣ አልተጨማደደም፤ በቴርሞሜትሩ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። የሞቱ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲደጋገም የኖረ አንድ ትምህርት አለ። “ብርድ የያዘው ሰው ሞቶ ቢመስላችሁ ሳታሞቁት ሞቷል አትበሉ። ልቡ ከመሬት በታች እንደሚሄድ ውኃ ነው፤ አይሰማም እንጂ አለ።” ባለቤታቸው ይህንን አምና ልጇንና አምቡላንስ ጠራች፤ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ብርድ ልብስ ደረቡላቸው። ፍል ውኃ በላስቲክ ቋጥረው በብብታቸውና በጎናቸው አደረጉ። አምቡላንሱ ከተማውን አቋርጦ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። ባለሙያው ሲመጣ ደረታቸው ሞቆ ነበር። የሞቀው ግን እሳቸው አልነበሩም፤ ላስቲኩ ነበር።

ይህ ሌላ ቤተሰብ የማይሠራው ስሕተት ነው። ሌላ ቤተሰብ አልቅሶ ይቆም ነበር። በመሞቃቸው ምክንያት መቼ እንዳረፉ ከሰውነታቸው ሙቀት ለማስላት አልተቻለም። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው ሬሳ የነካ ፖሊስ ሲያገኙ “እጅህ ምስክሬን ገደለብኝ” ይሉ ነበር።

ምርመራውን ያደረገችው ተማሪያቸው ናት፤ በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በእሳቸው መንገድ። ውጤቱን ቤት ድረስ መጥታ ተናገረች። ኬቶኑ ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ምግብ እምቢ ብለው ስለነበር ያ ምስክር ሐሜተኛ ነው። ፊኛቸው ባዶ ስለነበር ሽንት አልተገኘም፤ ሁለተኛው ምስክር አልመጣም። በጨጓራው ላይ አራት ነጠብጣብ ብቻ አለ። አራት ደግሞ አዎም አይደለምም አይልም። ልባቸው ላይ አሮጌ ጠባሳ አለ። ያ ጠባሳ ሊገድል ይችላል፤ ለዓመታት አብሮ ሊያኖርም ይችላል። ካፖርቱን ማውለቃቸው ብርድን ይመሰክራል፤ በሥርዓት መስቀላቸው ደግሞ ብርድን ይክዳል። ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ካፖርታቸውን ያገኙት ሚስማር ላይ መስቀል የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነበርና።

ተማሪያቸው የቀረበላትን ሻይ ወደ ጎን አደረገች። “እትዬ፣ የልብ ሕመም ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ጠባሳው አለ። ማንም አይጠይቀኝም” አለች።

ባለቤታቸው፣ “እሳቸው ቢሆኑ ምን ይጽፉ ነበር?” አለቻት።

“ይኼን ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር” አለች ተማሪያቸው።

“አልታወቀም” መባሉን የሟች ታላቅ እህት አልተቀበሉትም። “ልጄ፣ የልብ ሕመም ብለሽ ጻፊ። ልብ ማንንም አያሳፍርም። ሐኪም፣ የቤት ባለቤት፣ ሚስቱ እቤት ተኝታ በገዛ ጓሮው በብርድ ሞተ ሲባል ደስ ይልሻል?” ብለዋል። ለወንድማቸው ክብርና ለወንድማቸው ሚስት አዝነው የተናገሩት ነው። ዘበኛው ደግሞ በሩን ለሌላ ሰው ትቶ መጥቶ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ “እኔን ከእስር ያወጣ ምርመራ እንዴት ለራሳቸው ዝም ይላል?” ብሎ ጠየቀ።

የምክንያቱ ነገር ለማን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው። ልባቸው ከሆነ፣ ቁልፉ በሩ ላይ መኖሩ ምንም አላደረገም። ብርዱ ከሆነ፣ አድርጓል። ከዚህ ሌላ የቀረው ሁሉ ለሰነድ ነው። ባለቤታቸው ሁለቱንም መንገድ ብዙ ጊዜ ሄዳባቸዋለች፤ የትኛውም አላደረሳትም። ሲነጋ ልብ ነው ትላለች፣ ሲመሽ ብርድ ነው ትላለች። ሻይ ስታፈላ ለሁለት ሰው ቀድታ የሁለተኛውን ብርጭቆ ይዛ ወደ ጓሮው በር የሄደችበት ቀን አለ። ተማሪያቸው ስትሄድ ግን በር ላይ አስቁማ፣ “አልታወቀም ብለሽ ጻፊ” አለቻት። ያኔ ለበረንዳው ሽማግሌ ልጆች ወግና የተናገረችውንም አስታወሰች። ዛሬም ትክክል የነበረው ማን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም። ባለቤቷ ግን እርግጠኛ ነበሩ፤ የሚፈረመውም በእሳቸው ደንብ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል። አባ ብርዱ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሰዓቱ አልታወቀም። ምክንያቱም አልታወቀም። ይህ መልስ ነው።

ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውን እንዲሁም በየተቋሙ የተበተኑ፣ ሦስት ምስክር ሳይቆም የማይፈርሙ ተማሪዎችን ተክተው አልፈዋል። ሐዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ ብዙ ሰዎችን በእውነት የሸኙትን ነፍስ እሱም በእውነትና በምሕረት ይቀበላት፤ ብርድ በማይደርስበት ያኑራት። ለቤተሰባቸውም ማወቅ ባይሆን መቻልን ይስጥልን።

ተማሪያቸው ስትወጣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠይቃ ነበር፤ የዚያን ማለዳ ብርዱ ስንት እንደነበር። ነገሩን ወደ አንዱ ወገን የሚያጋድል ቁጥር ሊሆን ይችል ነበር። ደብተሩ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተነስቶ ተገለጠ። የማክሰኞው አለ፤ በራሳቸው እጅ፣ “ሦስት” ይላል። የሐሙሱም አለ፤ ልጃቸው ጽፋዋለች። የረቡዕ ማለዳ ካፖርቱ ቴርሞሜትሩን ሸፍኖት፣ ሁሉም ሰው እሳቸውን በማሞቅ ላይ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያለ ቁጥር የቀረው ያ መስመር ብቻ ነው።